ራስ-ሰር የኔትወርክ ጥበቃና የባለሙያ ግብረ መልስ፦ የትኛው አሠራር ለየትኛው መሥሪያ ቤት?

ዋና መሥሪያ ቤቱ ደብረ ብርሃን የሆነ፣ ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢት፣ አጣዬና መሐል ሜዳ ላይ ቅርንጫፍ ያለው አንድ ተቋም እንውሰድ። ኔትወርኩን የሚጠብቁት ሁለት ወይም ሦስት የአይሲቲ ባለሙያዎች ናቸው። እነዚሁ ሰዎች ፕሪንተር ያስተካክላሉ፣ ኬብል ይዘረጋሉ፣ የይለፍ ቃሉ የጠፋበትን ሠራተኛ መልሰው ያስገባሉ። ሌሊቱን ተቀምጦ ሎግ (የኔትወርኩን የእንቅስቃሴ መዝገብ) የሚያነብ ሰው የለም። ስለዚህ አጠራጣሪ እንቅስቃሴን አይቶ በራሱ የሚያግድ ሲስተም ያስፈልጋቸዋል።

ሲስተሙ ግን የመሥሪያ ቤቱን ሥራ አያውቅም። የሰኔ በጀት መዝጊያ ደርሶ የፋይናንስ ሠራተኛዋ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ከሰርቨሩ ፋይል ስትስብ ብታመሽ፣ ማሽኑ የሚያየው ባልተለመደ ሰዓት ብዙ መረጃ የሚያወጣ ኮምፒውተር ነው። ሥራዋን እየሠራች መሆኗን ሊነግረው የሚችለው ተቋሙን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው።

ይህን ለማሽኑ መንገሪያ አራት መንገዶች አሉ። ከማገዱ በፊት ማጽደቅ፣ ካገደ በኋላ ማጽናት ወይም መሻር፣ ማስጠንቀቂያዎችን አንድ በአንድ መፈረጅ፣ ማሽኑ ምን እንደሚያግድ የሚወስኑ ሁለት ደንቦችን አነጻጽሮ የሚሻለውን መምረጥ። አራቱ የሚመልሱት ጥያቄ ይለያያል፤ የሚጠይቁት የሰው ጊዜም እንዲሁ።

ለቸኮለ አንባቢ ምክራችንን ከፊት እናስቀምጥ። ከውጭ ለሚመጣ ሙከራ ማሽኑ ራሱ ለአጭር ጊዜ ያግድ፣ ሰው በኋላ ይየው። በውስጥ ኔትወርክ ሰርቨርንና የገንዘብ ሥራን ለሚነካ ነገር ማሽኑ ያመልክት፣ ሰው ያጽድቅ። ፍረጃው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጎን ለጎን ይሂድ። ማነጻጸሩ ቢያንስ የ14 ቀን ሎግ እስኪጠራቀም ይቆይ።

መጀመሪያ ሂሳቡን

በቀን 100,000 ግንኙነት የሚያልፍበት ኔትወርክ አለ እንበል። ከዚህ ውስጥ በእውነት ጥቃት የሆነው 10 ብቻ ነው። ሲስተሙ ከ100 ጥቃት 99ኙን ይይዛል፤ ከ100 ጤነኛ ግንኙነት ደግሞ አንዱን ብቻ በስህተት ይጠረጥራል። ሲሰሙት የሚያስተማምን ቁጥር ነው። ሲሰላ ግን 10ሩ ጥቃት ሁሉም ማለት ይቻላል ሲያዝ፣ ከ99,990 ጤነኛ ግንኙነት 1,000 ያህሉ አብሮ ይያዛል። ከ1,010 ማስጠንቀቂያ እውነተኛው 10 ነው፤ ከመቶ አንድ። ባለሙያው ለአንዱ 3 ደቂቃ ቢሰጥ ለሁሉም ከ50 ሰዓት በላይ ያስፈልገዋል፤ ያውም ለአንድ ቀን ማስጠንቀቂያ።

ስለዚህ ጥቂቶቹን መርጦ ማሳየት ግዴታ ነው፤ ግብረ መልሱ ጥሩ የሚሆነውም የሚታየው ነገር በደንብ ከተመረጠ ነው። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በ2016 እ.ኤ.አ. የቀረበው ኤአይ-ስኩዌር የተባለ ሲስተም ይህን በተግባር አሳይቷል። በ3.6 ቢሊዮን የሎግ መስመር ላይ ሲፈተን 85 ከመቶ የሚሆነውን ጥቃት ለይቷል። በመጀመሪያው ቀን ለባለሙያው 200 ክስተት የሚያሳይ ሲሆን፣ ባለሙያው በሚሰጠው ፍረጃ እየተማረ በቀናት ውስጥ የሚያሳየው በቀን ወደ 30 እና 40 ይወርዳል።

ለትንሽ ክፍል የሚሆነው ልክ በቀን 90 ደቂቃ፣ ማለትም 30 ማስጠንቀቂያ ነው። እንዲህ ይከፈል፦ ማሽኑ በጣም የጠረጠራቸው 20፣ ማሽኑ ራሱ የተጠራጠረባቸው 5፣ ያለ ምንም ጥርጣሬ ካለፉት ውስጥ በዕጣ የተነሡ 5። የመጨረሻዎቹ አምስቱ ሥራ በበዛ ቁጥር መጀመሪያ የሚቀነሱ ናቸው፤ መቀነስ ግን የለባቸውም። በስህተት የታገደ ሰው ስልክ ይደውላል፤ በስህተት ስላለፈ ጥቃት የሚደውል የለም። ማሽኑ የሚሰማው ስለታገደው ብቻ ከሆነ ከሳምንት ሳምንት እየላላ ይሄዳል።

ከማገዱ በፊት ማጽደቅ

ሲስተሙ «ይህ ኮምፒውተር በፖርት 445 ወደ 60 አድራሻ ሞክሯል፣ ልነጥለው?» ብሎ ይጠይቃል (ፖርት 445 የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ፋይል የሚጋሩበት በር ነው)፤ ባለሙያው ይፈቅዳል ወይም ይከለክላል። ከአራቱ መንገዶች ሥራ የማስተጓጎል አደጋው ዝቅተኛ የሆነው ይህ ነው። የካርድ ክፍሉ ኮምፒውተር ሲዘጋ ሕሙማን ተሰልፈው የሚቆሙበት ሆስፒታል፣ ወይም ደንበኛ «ሲስተም የለም» ተብሎ የሚመለስበት የቁጠባና ብድር ተቋም፣ የውስጥ እገዳን በዚህ ቢጀምር ይሻላል።

ድካሙ ጊዜ ላይ ነው። ጥያቄው ከምሽቱ 5 ሰዓት ቢመጣና የሚያጸድቀው ሰው ከጠዋቱ 2:30 ቢገባ፣ በመካከል 9 ሰዓት ተኩል አለ። በ2017 እ.ኤ.አ. የተሠራጨው፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ዋናክራይ የተባለ ጎጂ ፕሮግራም በዚያው ፖርት 445 ላይ ባለ የዊንዶውስ ክፍተት ማንም ሰው ምንም ሳይጫን ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው ይዛመት ነበር። ለእንዲህ ያለው 9 ሰዓት ተኩል ለመላው ቅርንጫፍ ይበቃዋል።

ስለዚህ ዝምታ ምን ማለት እንደሆነ አስቀድሞ መወሰን አለበት። የምንመክረው፦ ለተራ የሠራተኛ ኮምፒውተር 15 ደቂቃ መልስ ከጠፋ ይነጠል። መነጠል ማለት የእርዳታ ገጹን፣ ዲኤንኤስን (የድረ ገጽ ስምን ወደ አድራሻ የሚቀይረውን አገልግሎት) እና የፀረ-ቫይረስ ማደሻውን ብቻ ወደሚያይ ቪላን (ከሌላው ወደተለየ የኔትወርክ ክፍል) ማዘዋወር ነው። ለሰርቨር ግን ዝምታ እገዳ አይሁን። ፍጥነቱ ይገደብ፣ ተረኛው ባለሙያ ይደወልለት፣ ካላነሳ ሁለተኛው ይደወልለት።

ሌላው ችግር ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። በቀን 40 ጥያቄ የሚቀርብለት ሰው በሦስተኛው ሳምንት ሳያነብ «እሺ» ይላል። ይህን ማወቂያው ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ ውሳኔ የፈጀው ሰከንድ ይመዝገብ፤ አብዛኛው ከ5 ሰከንድ በታች ከሆነ ማጽደቁ ስም ብቻ ቀርቷል ማለት ነው። መድኃኒቱ ሰውየውን መውቀስ ሳይሆን ጥያቄውን መቀነስ ነው። ላለፉት 50 ጊዜ ያለ ልዩነት የጸደቀ የደንብ ዓይነት ካለ ወደሚቀጥለው መንገድ ይዛወር።

ካገደ በኋላ ማጽናት ወይም መሻር

እዚህ ማሽኑ ያግዳል፣ እገዳው በራሱ ያበቃል፣ ሰው ደግሞ መሃል ገብቶ ያሳጥረዋል ወይም ያጸናዋል። ፌይልቱባን የተባለው ነጻ ሶፍትዌር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። እንደተጫነ፣ በ10 ደቂቃ ውስጥ 5 ጊዜ የይለፍ ቃል የሳተን አድራሻ ለ10 ደቂቃ ያግዳል። ለተደጋገመ ጥፋት እገዳው እያደገ እንዲሄድ ማዘዝ ይቻላል። 10 ደቂቃ፣ 1 ሰዓት፣ 1 ቀን የሚለው ደረጃ ለአብዛኛው መሥሪያ ቤት ይስማማል።

የእገዳው ማጠር ለግብረ መልሱም ይጠቅማል። ለ10 ደቂቃ የታገደ ጤነኛ ተጠቃሚ ችግሩ ራሱ ይፈታለታል፤ አጥቂው ግን ተመልሶ ይመጣል። መመለሱ ራሱ ማስረጃ ነው፤ ሰው ሳይናገር የተገኘ ግብረ መልስ። ስለዚህ ባለሙያው የመጀመሪያውን እገዳ ሁሉ ማየት የለበትም፤ ሦስተኛ ደረጃ የደረሱትን ብቻ ይይ።

ሁለት ወጥመድ አለ። በሞባይል ኢንተርኔት የሚገቡ ብዙ ደንበኞች በአንድ የሕዝብ አይፒ አድራሻ ሊታዩ ይችላሉ፤ አንዱ የይለፍ ቃሉን ስለሳተ አድራሻው ለአንድ ቀን ቢታገድ አብረውት ያሉት ሁሉ ከበር ይመለሳሉ። ከሀገር ውስጥ የቴሌኮም አድራሻ ለሚመጣ ሙከራ የተጠቃሚውን አካውንት ለጊዜው መቆለፍ አድራሻውን ከማገድ ይሻላል፤ የአድራሻ እገዳው ከ1 ሰዓት አይለፍ። ሁለተኛው ወጥመድ «አትንካቸው» የሚባሉ አድራሻዎች ዝርዝር ነው። በአንድ ነጠላ አድራሻ ይጀምርና አንድ ቀን የደከመው ሰው 10.20.0.0/16 ብሎ ከ65,000 በላይ አድራሻ ነጻ ያደርጋል። በዝርዝሩ ላይ ሰፊ አድራሻ ለመጨመር የሁለት ሰው ፊርማ ይጠየቅ።

ከሁሉም በላይ ግን የምናሳስበው ሌላ ነው። መሻርን እንደ ፍርድ ቆጥሮ ለማሽኑ ማስተማር ትልቅ ስህተት ነው። ኃላፊው ደውለው «የእኔ ኮምፒውተር ተዘግቷል፣ ክፈቱልኝ» ሲሉ ባለሙያው ይከፍታል። የከፈተው ስብሰባ ስላለባቸውና አለቃ ስለሆኑ ነው፤ ኮምፒውተሩ ንጹሕ መሆኑን ገና አላየም። ሲስተሙ ይህን «እገዳው ስህተት ነበር» ብሎ ከመዘገበ፣ በሚቀጥለው ጊዜ በሌሎች ኮምፒውተሮች ላይ ተመሳሳዩን ምልክት ችላ ይላል። ለአለቃ የተሰጠ አክብሮት የመላው መሥሪያ ቤት ክፍተት ይሆናል። ስለዚህ የመክፈቻው ገጽ ሁለት የተለያዩ ቁልፎች ይኑሩት፦ «ለጊዜው ይከፈት» እና «ጥቃት አይደለም»። የመጀመሪያው ፈቃድ ነው፤ ከ24 ሰዓት በኋላ ይሞታል፣ ለመማሪያ አይቆጠርም። ሁለተኛው ፍርድ ነው፤ የታየው ማስረጃ ካልተጻፈበት አይቀመጥም። የሚገዛው ወይም የሚጫነው ሲስተም እነዚህን ሁለቱን የማይለይ ከሆነ፣ ሌላው ሁሉ ቢያምርም ባይመረጥ ይሻላል።

ማስጠንቀቂያን መፈረጅ

ፍረጃ ለማሽኑ ብዙ የሚያስተምረው መንገድ ነው፤ በቀላሉ የሚበላሸውም እሱ ነው። ብዙ ሲስተም «እውነት» እና «ሐሰት» የሚል ምርጫ ብቻ ይሰጣል። አይበቃም። ቢያንስ አራት ያስፈልጋል፦ ጥቃት ነው፣ ሥራ ነው፣ ብልሽት ነው፣ አላውቅም።

«ብልሽት» የሚለው በተለይ መለየት አለበት። የይለፍ ቃሉ ከተቀየረ በኋላ በአሮጌው ቃል በየደቂቃው የሚሞክር ፕሪንተር፣ ወይም ወደ ውጭ ሀገር ሰርቨር ሌት ተቀን የሚደውል የደህንነት ካሜራ መቅጃ፣ ጥቃትም ሥራም አይደለም። «ሥራ ነው» ከተባለ ማሽኑ እውነተኛውን የይለፍ ቃል ግመታ እንዲያልፍ ይማራል፤ «ጥቃት ነው» ከተባለ ፕሪንተሩ በየቀኑ ይታገዳል። መልሱ ዕቃውን ማስተካከል ነው፤ ማሽኑ ከዚያ ማስጠንቀቂያ ምንም አይማር። «አላውቅም» ማለትም መብት መሆን አለበት። ባለሙያው ለመገመት ከተገደደ ግምቱ እንደ እውቀት ይቆጠራል።

ከፍረጃው ጋር አብሮ የሚጻፈው የደንቡ ቁጥር፣ የመሣሪያው መታወቂያ፣ ሰዓቱ፣ የአንድ ዓረፍተ ነገር ምክንያት፣ ፍረጃው የት ድረስ እንደሚሠራና መቼ እንደሚያበቃ ነው። ስለ መሣሪያው መታወቂያ አንድ ማሳሰቢያ፦ ፍረጃ በአይፒ አድራሻ ላይ አይታሰር። አድራሻ የሚያድለው ዲኤችሲፒ ዛሬ ለሒሳብ ሹሟ ኮምፒውተር የሰጠውን አድራሻ በሚቀጥለው ሳምንት ለእንግዳ ላፕቶፕ ሊሰጥ ይችላል። ለቋሚ ኮምፒውተር ማክ አድራሻው (የኔትወርክ ካርዱ መለያ ቁጥር) ወይም ስሙ ይያዝ። ስልክ ላይ ማክ አድራሻም አያስተማምንም፤ ከአንድሮይድ 10 እና ከአይኦኤስ 14 ወዲህ ስልኮች ለየኔትወርኩ የተለየ የዘፈቀደ ማክ ያቀርባሉ። ለስልክ የተጠቃሚውን የመግቢያ ስም መያዝ ነው።

የፍረጃው ወሰን ጠባብ ይሁን። ሱሪካታ የተባለውን የጥቃት መለያ ሶፍትዌር እንደ ምሳሌ ብንወስድ፣ አንድ ደንብ ሲያስቸግር ሁለት አማራጭ አለ፦ ደንቡን ሙሉ በሙሉ ማጥፋት፣ ወይም ለአንድ ምንጭ አድራሻ ብቻ ዝም ማሰኘት። በፖርት 445 ብዙ ኮምፒውተር የሚያነጋግር የፋይል ሰርቨር ጤነኛ ነው፤ ያንኑ የሚያደርግ የጸሐፊ ኮምፒውተር ግን ወዲያው መታየት አለበት። ሰርቨሩ ስለጮኸ ደንቡን ያጠፋ ሰው የጸሐፊዋንም ኮምፒውተር አብሮ ሸፍኖታል። ለእንዲህ ያለው ቋሚ አድራሻ ላለው ሰርቨር ብቻ ዝም ማሰኘት ነው ትክክሉ። የማብቂያ ቀኑ ለሰርቨር 90 ቀን፣ ለሌላው 30 ቀን ይሁን፤ ቀኑ ሲደርስ በራሱ ይነሣ፣ የሚፈልገው ሰው እንደገና ይጻፍ።

ሁለት ሰው የሚፈርጅ ከሆነ መስማማታቸው ይለካ። ሁለቱ ያዩዋቸውን 100 ተመሳሳይ ማስጠንቀቂያዎች እንውሰድ። እያንዳንዳቸው 10ሩን «ጥቃት» ብለዋል፤ ሁለቱም «ጥቃት» ያሉት ግን 5 ብቻ ነው። ሁለቱም «አይደለም» ያሉት 85 ነው። 90 ከመቶ ተስማምተዋል ማለት ነው፤ ይህን ሰምቶ የሚደሰት ብዙ ነው። ነገር ግን እያንዳንዳቸው ያለ ምንም እውቀት ከመቶ አሥሩን በዘፈቀደ ቢመርጡ እንኳ 82 ከመቶ ይስማሙ ነበር (0.1 ሲባዛ በ0.1፣ ሲደመር 0.9 ሲባዛ በ0.9)። የኮኸን ካፓ የተባለው መለኪያ ይህን ቀንሶ ያሰላል፦ 0.90 ሲቀነስ 0.82፣ ለ0.18 ሲካፈል፣ 0.44። መካከለኛ ነው። ከ0.4 በታች ከወረደ ፍረጃውን ለማሽኑ መመገብ ይቁም፤ ሁለቱ ሰዎች የተለያዩባቸውን ማስጠንቀቂያዎች ይዘው አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጡ፣ ምን «ጥቃት» እንደሚባል በጽሑፍ ይስማሙ። ሰዎቹ ያልተስማሙበትን ነገር ማሽኑ ሊማረው አይችልም።

ደንብን ከደንብ ማነጻጸር

አራተኛው መንገድ ባለሙያውን የሚጠይቀው በአጭሩ «ከእነዚህ ሁለት የትኛው ይሻላል?» ነው። ሰው «የዚህ ደንብ ጥብቅነት ከ10 ስንት ይሁን?» ሲባል ይቸገራል፤ ሁለት ውጤት ጎን ለጎን ሲያይ ግን መምረጥ አይከብደውም። ከሁለት ሁለት ምርጫ ተነሥቶ አጠቃላይ ደረጃ የሚያወጣው የብራድሊና ቴሪ ቀመር ከ1952 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. ደግሞ ተመራማሪዎች በዚህ ዓይነት ምርጫ ብቻ፣ 900 በሚያህሉ የሰው መልሶች፣ በኮምፒውተር ውስጥ ያለ አንድ አስመሳይ ሮቦት ወደ ኋላ ተገልብጦ እንዲዘል አስተምረዋል።

በኔትወርክ ላይ እንዲህ ይሠራል። ስድስት የደንብ ስብስብ ይዘጋጃል፤ ከላላው እስከ ጥብቁ። ያለፉት 14 ቀናት ሎግ በየአንዳንዱ ላይ እንደገና ይሮጣል። ባለሙያው «ይህኛው 40 ኮምፒውተር ያግድ ነበር፣ ያኛው 15፤ ዝርዝሩ ይኸው» ተብሎ ይቀርብለታል። ስድስት ስብስብ 15 ጥንድ ይወጣዋል፤ ሦስት ሰው እያንዳንዱን ጥንድ ቢያይ 45 ምርጫ፣ ለአንዱ 5 ደቂቃ ቢሰጥ 225 ደቂቃ፣ አራት ሰዓት የማይሞላ ሥራ ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ ለሚደረግ ነገር ብዙ አይደለም።

አደጋው ሰው ጸጥታ መውደዱ ነው። ሁለት ደንብ ሲቀርብ ብዙ የማያስቸግረው ይመረጣል፤ ማሽኑም ዝም ማለት እንደሚያስመሰግን ይማራል። መከላከያው በሎጉ ውስጥ የታወቁ ሙከራዎችን አስቀድሞ መትከል ነው፦ ከራስ ኮምፒውተር የተደረገ የፖርት ቅኝት (ክፍት በር ፍለጋ)፣ በአንድ የሙከራ አካውንት ላይ 20 የተሳሳተ የይለፍ ቃል፣ 68 ፊደል ያለውና ምንም ጉዳት የማያደርሰው ኢካር የተባለው የፀረ-ቫይረስ መፈተኛ ፋይል። እነዚህን ያሳለፈ ደንብ ስንት ሰው ቢመርጠውም ከውድድር ይውጣ።

ከዚህ አልፎ ማሽኑ በሙሉ በራሱ ደንብ እየፈጠረ እንዲሞክርና ከውጤቱ እንዲማር የሚያደርገው፣ «ማጠናከሪያ ትምህርት» የሚባለው የማሽን ማስተማሪያ ዘዴ ለመሥሪያ ቤቶቻችን ገና ነው። በአብዛኛው የሚሞከረው በአስመሳይ ኔትወርክ ላይ ነው፤ በሕያው ኔትወርክ ላይ እየሳቱ መማር የሚያስከፍለው ሥራ ነው።

በእኛ ሁኔታ የሚያሳስቱ ነገሮች

አንደኛው ሰዓት ነው። ተጠቃሚዋ «3 ሰዓት ላይ ተቋረጠብኝ» ስትል ከጠዋቱ 3 ሰዓት ማለቷ ነው፤ ሎጉ ላይ ግን 09:00 ተብሎ ተጽፏል፣ ሰርቨሩ በዓለም አቀፍ ሰዓት ከተሞላ ደግሞ 06:00። ባለሙያው 03:00 ላይ ቢፈልግ ስድስት ሰዓት ወይም ሦስት ሰዓት ርቆ ያገኘውን ሌላ ክስተት ይፈርጃል። ሁሉም መሣሪያ በአንድ የሰዓት ቀጠና ይሞላ፤ የቅሬታ ቅጹ ላይ «ጠዋት፣ ቀን፣ ምሽት፣ ሌሊት» የሚል ምርጫ ይኑር፤ ሲስተሙ ራሱ ይለውጠው። «ከሥራ ሰዓት ውጭ» የሚለው ደንብም ሲጻፍ በስህተት 2:30 እስከ 11:30 ተብሎ እንዳይገባ መታየት አለበት፤ ማሽኑ ሌሊቱን የሥራ ሰዓት አድርጎ ይወስደዋል።

ሁለተኛው መብራት ነው። ጠፍቶ ሲመጣ በመቶ የሚቆጠር መሣሪያ በአንድ ደቂቃ ውስጥ አድራሻ ይጠይቃል፣ ዲኤንኤስ ይጠይቃል፣ ይለፍ ቃል ይልካል፣ ማደሻ ይፈልጋል። ለማሽኑ ይህ ቅኝት ይመስላል። መብራት ከመጣ በኋላ ላሉት 15 ደቂቃ የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ ሁሉ «የመብራት መመለስ» የሚል ምልክት በራሱ ይለጠፍበት፤ ለፍረጃ የሚቀርበው ከዚያ በኋላም የቀጠለው ብቻ ይሁን። ሰዓት ጠባቂ ባትሪ የሌላቸው ትናንሽ ራውተሮችም አሉ፤ ብዙዎቹ የማይክሮቲክ ሞዴሎች እንዲህ ናቸው። እነዚህ ሲነሡ ሰዓቱን ከኔትወርክ እስኪያገኙ ድረስ ሎጋቸውን በ1970 ሊጽፉ ይችላሉ። እንዲህ ያለው መስመር ለመማሪያ አይግባ።

ሦስተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። በየወሩ የሚደጋገም እንቅስቃሴን የሚማር ሲስተም የፈረንጁን ወር ነው የሚያውቀው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የዓመቱ ከባድ ጊዜ የሰኔ መጨረሻ ነው፤ በጀቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፣ ሐምሌ 1 አዲሱ ይጀምራል። ከሰኔ 15 እስከ ሐምሌ 5 የሚሰጠው ፍረጃ ለብቻው ይያዝ። ያን ጊዜ «ሥራ ነው» የተባለው የሌሊት የፋይል ዝውውር በጥቅምት ላይ ሥራ ላይሆን ይችላል። ጳጉሜም እንዲሁ በፈረንጁ ወር ውስጥ ተደብቃ የምታልፍ ናት።

ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ የፈተና ሰሞን አለባቸው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2016 ዓ.ም. በከፊል በኦንላይን መሰጠት ጀምሯል። በመቶዎች የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮች በአንድ ደቂቃ ወደ አንድ ሰርቨር ሲገቡ ራስ-ሰር እገዳ እንዳይነሣ፣ ከፈተናው 3 ቀን በፊት ደንብ መቀየር ይቁም፤ የፈተናው ክፍሎች በተለየ ቪላን ላይ፣ ወደ ፈተናው ሰርቨር ብቻ በሚከፍት ቋሚ ደንብ ይቀመጡ። በእነዚያ ቀናት የተሰበሰበ ግብረ መልስ ለመማሪያ አይውል።

ለማን የትኛው?

የወረዳ ወይም የዞን ጽሕፈት ቤት፣ 50 ያህል ኮምፒውተርና አንድ ባለሙያ ካለው፣ ካገደ በኋላ መሻርን ይያዝ፣ በሳምንት ሁለት ቀን 30 ደቂቃ ይፈርጅ። ማነጻጸሩን ይተወው፤ የሚያነጻጽር ሁለተኛ ሰው የለውምና።

የቁጠባና ብድር ተቋም በሁለት መንገድ ይሂድ፦ ከውጭ ለሚመጣው መሻር፣ ለገንዘብ ሰርቨሩ ማጽደቅ። ሆስፒታልም ተመሳሳይ ነው፤ ልዩነቱ የላቦራቶሪና የምስል መሣሪያዎቹ አሮጌ ዊንዶውስ የሚጠቀሙ ከሆነ ከመጀመሪያው በተለየ ቪላን ይቀመጡ እንጂ ለማሽኑ ፍርድ አይተዉ።

ፋብሪካዎች የምርት መስመሩን የሚመሩትን መቆጣጠሪያዎች በምንም ዓይነት ራስ-ሰር እገዳ ሥር ማስገባት የለባቸውም። እዚያ ማሽኑ ያመልክት፣ ሰው የምርት ተረኛውን አነጋግሮ ይወስን። የፋብሪካው የቢሮ ኔትወርክ ግን እንደማንኛውም መሥሪያ ቤት ነው።

በሺዎች የሚቆጠር ተጠቃሚ ያለው ዩኒቨርሲቲ አራቱንም መጠቀም ይችላል። የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎችን ለፍረጃ ማሰማራት ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ግን ሎጉ ማን የት እንደገባ ያሳያል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 ያለው የሰዎችን የግል መረጃ ለመጠበቅ ነው፤ ስለዚህ ስም በኮድ ይተካ፣ ዝርዝሩ ለፍረጃ ከሚያስፈልገው አይለፍ። የተማሪው ፍረጃም ከአምስቱ አንዱ በቋሚ ሠራተኛ ይታይ።

የተጠቃሚዎች ቅሬታ ለሁሉም ይጠቅማል፤ ግን ለማሽኑ በቀጥታ አይግባ። አጥቂም ቅሬታ ማቅረብ ይችላል። ቅሬታ ማስጠንቀቂያውን ወደ ባለሙያው ተራ ያስቀድመው፣ ከዚያ በላይ ሥልጣን አይኑረው።

አጀማመርና መመለሻ

ከ2 እስከ 4 ሳምንት ሲስተሙ ምንም ሳያግድ ያመልክት ብቻ። በዚያ ጊዜ በጣም የጮኹት 10 ደንቦች ይለዩ፤ አብዛኛው ጩኸት ብዙ ጊዜ ከጥቂት ደንቦች ነው የሚመጣው። ከዚያ ማስረጃቸው ጠንካራ የሆኑ 5 ወይም 10 ደንቦች ብቻ እንዲያግዱ ይፈቀድላቸው። ከግብረ መልስ የወጣ አዲስ ደንብ መጀመሪያ በአንድ ቅርንጫፍ ላይ ለ3 ቀን ይሞከር፤ የሚመረጠው ለዋናው መሥሪያ ቤት ቅርብ የሆነው ቅርንጫፍ ይሁን።

ቅርበቱ የሚያስፈልገው፣ የተሳሳተ ደንብ ባለሙያው ራሱ ወደ ራውተሩ የሚገባበትን መንገድ ሊዘጋ ስለሚችል ነው። ያኔ መሐል ሜዳ ወይም አጣዬ ድረስ መኪና መላክ ይመጣል። ይህን የሚያድኑ መሣሪያዎች አሉ፦ ማይክሮቲክ ላይ ሴፍ ሞድ ከበራ ግንኙነቱ ሲቋረጥ ለውጡ በራሱ ይመለሳል፤ ጁኒፐር በተባሉት ራውተሮች ላይ በማረጋገጫ የሚጸድቅ ለውጥ በ10 ደቂቃ ውስጥ ካልተረጋገጠ ይሰረዛል። ማሽኑ የሚያወጣው ደንብ ሁሉ በእንዲህ ያለው መንገድ ብቻ እንዲገባ ይደረግ። ከዋናው መስመር ውጭ በሞባይል ሲም የሚገባበት ሁለተኛ መንገድም ለየቅርንጫፉ ይዘጋጅ፤ የአስተዳዳሪው አድራሻ በዚያ በኩል ራስ-ሰር ደንቡ በማይነካው የደንብ ዝርዝሩ የመጀመሪያ መስመር ላይ ይጻፍ።

በየሳምንቱ ሰኞ ሦስት ቁጥር ይታይ፦ ስንት እገዳ ተሻረ፣ ከተተከሉት ሙከራዎች ስንቱ አለፈ፣ ስንት ልዩ ፈቃድ (ከደንብ ነጻ የተደረገ አድራሻ ወይም መሣሪያ) ገና ጊዜው ሳያልፍ በሥራ ላይ አለ። የተሻረው ሲቀንስ ያለፈው ሙከራ ከጨመረ ደንቡ ላልቷል፤ ወዳለፈው ወር ስብስብ ይመለስ። ለዚህም ሲባል ያለፉት ስድስት የደንብ ስብስቦች ከቀናቸውና ከግብረ መልስ መዝገባቸው ጋር ከኔትወርኩ ውጭ ባለ ዲስክ ይቀመጡ። ባለሙያ ሲለቅም በስሙ ያሉት ልዩ ፈቃዶች በሙሉ በዚያው ቀን ይዘጉ፤ የሚያስፈልጉት ካሉ ተተኪው በራሱ ስምና ምክንያት እንደገና ያውጣቸው።